ጳጉሜን የዘለለው አንባቢ

ኮሶ አምባ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታናሽ እህቴ ለምስጢር፣ ጎንደር ፒያሳ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኔ፣ ባለቤቴ እንኳየሁ፣ ሁለቱ በሬዎች፣ ያቺ ተናካሿ በቅሎም ሳትቀር ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈው ብለሽ አትጨነቂ። እኔ ነኝ። እኔው ዋኘው፣ በአርባ ሰባት ዓመቴ! የማታ ትምህርቱን ባለፈው ሳምንት ጨረስኩ። ከሠላሳ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጣሁ ብል መምህሩ ይቆጣል፤ ደረጃ አልሰጠማ። ቢሰጥ ኖሮ ግን ማን እንደሚወጣ አገር ያውቃል።

ያለፈውን ደብዳቤሽንም ራሴ አነበብኩት። ሁለት ገጽ፣ በአራት ቀን። ከጨረስኩ በኋላ ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ ፈለግሁት፣ የለም። «ለዲያቆን ህሩይ አንድ ቅል ጠላ ስጡልኝ» የሚለው የለም! ስምንት ዓመት ሙሉ ህሩይ ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ መጨረሻው እሱ ነበር። እኔም «እህቴ እንዴት ያለች ሰው አክባሪ ናት» እያልኩ ስቀዳ ኖሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ያዝኩት።

«ምነው ህሩይ? ጠላው የታል? ደብዳቤው ላይ የለም!» አልኩት።

«አያ ዋኘው» አለኝ ዓይኑን ሳያሽ፣ «ንባቡ የእህትህ ነው፤ ትርጓሜው የእኔ።»

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልግባ። እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። የየቀበሌው ጤና ኬላ የእርጉዝ ሴቶችን መዝገብ በስልክ ይልክላችኋል። ያንን ጽሑፍ መስመር በመስመር አንብቦ፣ «ይሄ ቁጥር ነው፣ ይሄ እርግዝናዋን መቁጠር የጀመረችበት ቀን ነው፣ ይህች ሴት መውለጃዋ ሳይደርስ በዚህ ቀን ዳባት ከተማ ካለው የእናቶች ማቆያ ትግባ» የሚል ፕሮግራም ያስፈልጋል። አንቺም «አንባቢውን ከባዶ ራሴ ልጻፈው ወይስ ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡትን፣ ላይብረሪ የሚባለውን ዝግጁ አንባቢ ልውሰድ? አያ፣ አንተ ብትሆን የቱን ትመርጥ ነበር?» ብለሻል።

ይህም ይጠየቃል? ራስሽ ጻፊው! የማርስበትን እርፍ ማን ጠረበው? እኔ! በተዋሰው እርፍ ያረሰ ሰው መዳፉ ይላጣል። ደግሞስ የሌላ አንባቢ ምን እንደሚያደርግ በጠላዬ ተምሬአለሁ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢው። እንኳየሁ ነፍሰ ጡር ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰኔ ወንዙ ሞልቶብን፣ ሳንሻገር ያጣነውን ልጅ ታስታውሻለሽ። ዘንድሮ ወንዙ ሳይሞላ ማቆያው እንድትገባ ጤና ኬላው አስመዝግቤአታለሁ። የምትሠሪው ነገር የእኛንም መዝገብ የሚያነብ ከሆነ አደራሽን፣ አጥብቀሽ ሥሪው።

እስቲ ደግሞ ንገሪኝ፦ ኮምፒዩተር ማንበብ ሲማር ጣቱን ይመታሉ? እኛን መምህሩ ሊመታን ፈልጎ በዕድሜ እንበልጠዋለን።

ፊደል የቆጠረው ወንድምሽ፣ ዋኘው

*

ጎንደር፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ዋኘው፤

ደብዳቤህን ቢሮ ውስጥ ከፍቼ እልል አልኩ። ወንድምአገኝ (አለቃዬ ነው፤ ሦስት ሰው ላለው ቢሮ አለቃ ካልነው) «ሎተሪ ደረሰሽ?» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። «ወንድሜ ጻፈልኝ» አልኩት። ወረቀትህን ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። የመጣ ደንበኛ ሁሉ ያነበዋል፤ የህሩይ ጠላ ፒያሳ ላይ ታውቋል።

ለጥያቄህ፦ ኮምፒዩተርን አይመቱትም። እሱ ነው እኛን የሚመታን።

የኮሶ አምባ መዝገብ እኛ ጋ ይመጣል። ስም ግን አናይም፤ እያንዳንዷ ሴት ቁጥር ናት። የእንኳየሁን ነገር ስሰማ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዙኝ። መቼ ነው? ወሩን ሳትጽፍልኝ ነው የዘጋኸው። ንገረኝ፣ እኔም አብሬ ልቁጠር።

አሁን ይቅርታ ልጠይቅህ። ምክርህን ሰምቼ አንባቢውን ራሴ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ሁለት ሳምንት ታገልኩት። አንዷ ጤና ሠራተኛ ቁጥሩንና ቀኑን በነጠላ ሰረዝ ትለያለች፣ ሌላዋ በአራት ነጥብ፤ ሦስተኛዋ ደግሞ በማስታወሻዋ መካከል እንደ ጨው ነጠላ ሰረዝ ትበትናለች። አንዱን ሳቃና ሌላው ይጣመማል። ዝግጁው ላይብረሪ ይህን ሁሉ ያውቃል። ብዙ ሺህ ሰው ተጠቅሞበታል፤ እኔ ዛሬ የምደናቀፍበትን ድንጋይ እሱ ከዓመታት በፊት አንሥቶታል። ዝርዝሩ ደግሞ ግንቦት ሳይጋመስ ጤና ኬላዎቹ መድረስ አለበት። ወንድምአገኝም «የሰው ነፍስ ያለበት ሥራ ላይ እልህ አያስፈልግም» አለኝ። እውነቱን ነው። ዝግጁውን ወስጃለሁ።

ቁጣህን በሚኒባሱ ሹፌር በማሩ ላክልኝ። ደብዳቤ ያለ ክፍያ ነው የሚያደርሰው፤ ቁጣም አያስከፍልም።

ታናሽህ፣ ምስጢር

*

ኮሶ አምባ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምስጢር፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። በጉ ሸጋ ነበር፤ ያንቺን ድርሻ እኔ በላሁልሽ።

ቁጣዬን ለማሩ ሰጥቼው ነበር፣ «መኪናዬ ይህን ሁሉ አይችልም» ብሎ መለሰው። በሁለት ቀን አንድ ገጽ የሚያነብ ወንድም እያለሽ ከማታውቂው ሰው አንባቢ መዋስ! ይሁን፤ የከተማ ሰው ነሽ፣ እንጀራም ገዝታችሁ ነው የምትበሉ።

ወሩን ግን አልነግርሽም። እንኳየሁ አስምላኛለች። ያለፈው ጊዜ ለአገሩ ሁሉ እየቆጠርኩ፣ «ይህን ያህል ቀረው፣ ወንድ ነው» እያልኩ ስፎክር ነበር። እሷ «አፍህ ነው ለሰው ዓይን የዳረገን» ባትለኝም ዓይኗ ብሎኛል። ስለዚህ ዘንድሮ አፌን እንደ በቅሎዋ ለጉሜዋለሁ። ለጤና ሠራተኛዋ ለጸሎት ብቻ ነግረን በመዝገብ ተጽፏል፤ ይበቃል።

አሁን የምጽፍልሽ ነገር አያስቅም። ማንበብ እንደ ጠጅ ነው፤ አንድ ከቀመሱ ሌላ ያምራል። የእንኳየሁን ሙዳይ ከፍቼ አሮጌ ደብዳቤዎችሽን አወጣሁ። የ2009ኙን አገኘሁ። «አያ፣ አንተ እርሻውን ብቻህን አልቻልከውም ይሉኛል። ትምህርቱን ትቼ ልምጣ? የምትለኝን እጠብቃለሁ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምስጢር፣ ይህን እኔ አልሰማሁም! ህሩይ ያነበበልኝ «ትምህርቱ ሸጋ ነው» የሚለውን ነበር፤ ከዚያ ወደ ሰላምታው፣ ከዚያ ወደ ጠላው።

ሄጄ ጠየቅሁት። በዚህኛው አልቀለደም። «ያን ዓመት በሬህ ሞቶብህ ነበር። ላስጨንቅህ አልፈለግሁም። ዘለልኩት» አለ። ሲዘለው እኮ ድምፁ እንኳ አልተደናቀፈም! ያልተነበበ ነገር መኖሩን በምን ልወቅ?

ያኔ መልስ ያጣሽው ችላ ብዬሽ አይደለም። መልሴ ስምንት ዓመት ዘግይቶ ይኸው፦ አትምጪ። ተማሪ።

እና አንድ ነገር መልሺልኝ። ያ ዝግጁ አንባቢሽ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ቆሞ ይጠይቃል ወይስ እንደ ህሩይ ድምፁን አሳምሮ ይዘላል?

ወንድምሽ፣ ዋኘው

*

ጎንደር፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ፤

ስለ 2009ኙ ብዙ ልጽፍ ነበር፤ ወረቀቱ ረጠበብኝ። ያኔ መልስህን አንድ ወር ጠበቅሁ። ሲቀር «ተቆጥቶኝ ነው፣ እንዴት ልምጣ ትላለች ብሎ ነው» አልኩና ቁጣህን ፈርቼ ተማርኩ። እንግዲህ የህሩይ ዕዳ አለብኝ ወይስ የእኔ አለበት? እኔ መቁጠር አቅቶኛል።

ስለ አንባቢው አትስጋ። ሁለት መቶ መስመር አስነብበነው አንድም አልተሳሳተም። እንደ ውኃ ነው የሚፈሰው። ዝርዝሩ ሰኞ ይወጣል። ሥራ ስለበዛብኝ ይህን ያህል ብቻ።

ምስጢር

*

ኮሶ አምባ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምስጢር፤

ሰላምታውን ዝለይው። ዝርዝሩ ትናንት ጤና ኬላው በር ላይ ተለጠፈ። ጸሎት ከጎንደር የመጣውን ቁጥር ከመዝገቧ እያየች ስም ጽፋበታለች። ሰዉ ተሰብስቦ «ዋኘው ያንብብልን!» አለ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ለዚህች ቀን አይደል የተማርኩት?

አሥራ አራት ሴቶች። የእንኳየሁ ስም የለም።

እንደገና አነበብኩ። ከታች ወደ ላይም አነበብኩ፣ ጣቴን በየስሙ ላይ እየጎተትኩ። መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? «ለካ ገና ማንበብ አልቻልኩም» ብዬ ነው። ያ ሁሉ ፉከራ በአንድ አፍታ ከላዬ ላይ ወለቀ።

ጸሎትን ለብቻዋ ጠራኋት። «አያ ዋኘው፣ በኮምፒዩተር ተቆጥሮ የመጣ ነው። ያልተጠራችው ቀኗ ስላልደረሰ ነው» አለችኝ።

«መዝገቡን ግለጪልኝ» አልኳት።

ገለጠችው። እንኳየሁ አለች! በጸሎት እጅ ጥርት ተደርጋ ተጽፋለች። ማንበቤ ደህና ነው፤ የጎደለው ዝርዝሩ ነው። ጸሎትም ደነገጠች። ነገር ግን የማቆያው አልጋ ጥቂት ስለሆነ ዝርዝሩ ላይ የሌለችን አይቀበሉም አለችኝ።

ወሩን አልነግርሽም ብዬ ነበር። መሐላውም ይቅር፣ እንኳየሁም ትቆጣ። መቁጠር የጀመረችው ከጳጉሜን ሦስት ነው። ሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡን ልንጠመቅ ደጅ የወጣንበት ቀን ስለሆነ አትረሳውም። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ብትይው ሰኔ ስምንት ላይ ይወድቃል። ላይኛው አገር መዝነብ ጀምሯል፤ ወንዙ ደፍርሷል።

እንኳየሁ ከቤት ሆና «ስሜ አለ?» አለችኝ። «ከላይ ሁለተኛ ነሽ» አልኳት። ምስጢር፣ ለእሷ ያነበብኩላት የመጀመሪያ ነገር ውሸት ሆነ። እንደ ህሩይ አነበብኩላት።

ማሩ ከወንዙ ማዶ መኪናውን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

ዋኘው

*

ጎንደር፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ዋኘው፤

ከታች የታጠፈውን ወረቀት አስቀድመህ አውጣው። የማቆያው ማኅተም ያለበት ጥሪ ነው፤ ዛሬ ጠዋት በስልክ አስረድተናቸው በሚኒባስ ልከውልናል። እንኳየሁን ይዘሃት ውጣ። አዲሱን ዝርዝር አትጠብቅ።

አሁን ልንገርህ። ደብዳቤህን ትናንት ማታ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር የማነበው። «ጳጉሜን» የምትለዋ ላይ ስደርስ ሳልጨርሰው ወደ ኮምፒዩተሩ ሮጥኩ። ዝግጁው አንባቢ የተሠራው ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር በሆነ አገር ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ «ይህ መስመር ተበላሽቷል» ይላል። የተበላሸ መስመር ሲያገኝ ዝም ብሎ እንዲያልፍ ያዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅልኝ። የሞከርንበት ሁለት መቶ መስመርም ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ብቻ ነበር። እንደ ውኃ ይፈሳል አልኩህ፤ ለካ ሰው እየጣለ ነው የሚፈሰው። አንተ ጠይቀኸኝ ነበር፤ እኔ አትስጋ አልኩህ። ይቅር በለኝ።

ሃያ ስድስት ሴቶች ተዘለዋል፣ አያ። ሃያ ሁለቱ በጳጉሜን፤ አራቱ ደግሞ ጤና ሠራተኛዋ በቁጥር ፈንታ «የሩፋኤል ማግስት» ብላ የጻፈቻቸው። የጳጉሜን ልጅ ሰኔ ላይ፣ ወንዝ ሲሞላ ነው የሚወለደው። ሌላ ወር ብንዘል ይሻል ነበር።

ወንድምአገኝ ራሱን ይዞ «ታዲያ ሁሉንም ጥለን ራሳችን እንጻፈው?» አለኝ። የእርፍህን ነገር አሰብኩ። አያ፣ ፎክረህ ሳትነግረኝ የቀረ ነገር አለ። እርፉን አንተ ጠረብከው፤ ማረሻውንስ? ብረቱን ከገበያ አይደል የምትገዛው? እኔም እንዲሁ አደረግሁ። መስመሩን መቁረጥ፣ ነጠላ ሰረዙን መለየት ለላይብረሪው ተውኩለት፤ እዚያ ላይ ጎበዝ ነው። ቀኑን የሚያነበውን ግን በአገራችን ወር፣ በአገራችን በዓል ሌሊቱን ራሴ ጻፍኩት። የማያውቀው ነገር ሲገጥመው አይዘልም፤ ቆሞ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሰው ይጠይቃል። ስም ያስፈልገው ነበር። «ዋኘው» አልኩት። ዛሬ ቢሮአችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ «ዋኘው ምን አለ?» «ዋኘው አልገባኝም አለ» ሲባል ነው የዋለው።

የሃያ ስድስቱም ጥሪ ዛሬ ወጥቷል። ለእንኳየሁ እውነቱን አንብብላት።

እህትህ፣ ምስጢር

*

ዳባት፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምስጢር፤

ከማቆያው ደጅ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። እንኳየሁ ገብታለች! አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ሦስት ትራስ ሰጥተዋታል፣ አንዱን ለኔ ልትሰርቅልኝ ነበር።

ጥሪሽን ከፍ ባለ ድምፅ አነበብኩላት። ከዚያም ውሸቴን ተናዘዝኩ። «አውቄአለሁ» አለችኝ። «ምነው? በምን?» ብላት፣ «ከላይ ሁለተኛ አልከኝ። እኔ የምወጣበት ዝርዝር ቢሆን አንተ አንደኛ ትለኝ ነበር» አለች። ከዚህች ሴት ጋር ሃያ ዓመት!

ወንዙን ቅዳሜ ተሻገርን፤ በቅሎዋ እስከ ሆዷ ገባች፣ ግን አልተናከሰችም። እሑድ ማንም አልተሻገረም። ከላይ ቀበሌ የመጡ ሁለት የጳጉሜን ሴቶች እዚሁ አግኝቻለሁ። «ኮምፒዩተሩ ረስቶን ነበር፣ በኋላ አስታወሰ» አሉኝ። «ያስታወሰው ስሙ ማን እንደሚባል ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳልኩ አንቺ ገምቺው።

ዋኘው (ሥጋ ለባሹ)

*

ዳባት፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቲቱ ለምስጢር፤

አክስት ሆነሻል! ሰኔ አሥራ አራት፣ ፀሐይ ስትወጣ። ሴት ናት። ድምፅዋ የእኔ ነው፤ ገና ሳትታይ ተሰማች። አዋላጇ «እቤት ሆና ቢሆን ኖሮ» ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም፤ እኔም እንድትጨርሰው አልጠየቅኋትም። እንኳየሁ ደህና ናት። ገንፎውን ራሷ እያነሣች በልታለች። ይህ ይብቃሽ፤ ሌላውን ስትመጪ ትነግርሻለች።

መዝገብ ላይ ልፈርም ስል ጸሐፊው የጣት ቀለሙን ገፋ አደረገልኝ። ቀለሙን መለስኩለትና እስክሪብቶውን ከኪሱ ወሰድኩ። ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ጻፍኩ። ቦታው አልበቃኝም፤ ወደ ጎን ዞሬ ጨረስኩት።

ህሩይ ወንዙ ጎደል ሲል ተሻግሮ መጣ፣ እጁ ላይ አንድ ዶሮ ይዞ። የግንቦቱን ደብዳቤሽን እንዳነብለት ጠየቀኝ፤ እስቲ ገምቺ፣ እሱ እኔን! አንዲት ቃል ሳልዘል አነበብኩለት። ማረሻውን ገዝቶ እርፉን ጠረበ ያልሽኝንም ሳልዘል፣ እየመረረኝ። መጨረሻው ላይ ግን «ዲያቆን ህሩይ ለዋኘው አንድ ገንቦ ጠላ ይስጥ» ብዬ ጨመርኩ። ወረቀቱን ነጥቆ ፈለገው፣ ገለበጠው። «የታል?» አለኝ። «ትርጓሜው ነው» አልኩት። እንኳየሁ እየሳቀች «ስፌቴን!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ከህሩይ ጋር ክርስትናውን ቆጠርን። ሴት ናትና ሰማንያ ቀን ነው። እሱ በቃሉ ቆጠረ፣ እኔ በወረቀት። ከሰኔ አሥራ ሰባት፣ ሐምሌ ሠላሳ፣ ነሐሴ ሠላሳ። ስንት ቀረ? ሦስት። እርስ በርስ ተያየን። ህሩይ አማተበ። ጳጉሜን ሦስት ላይ ወደቀ፣ ሩፋኤል ላይ! የክርስትና ስሟን ማን ይመርጣል ብለን አልተከራከርንም፤ ቀኑ ራሱ ይዞት መጥቷል። ወለተሩፋኤል ናት።

ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ፤ እንኳየሁ ወስናለች፣ ይግባኝ የለም። ፈቃድሽን ካሁኑ ከወንድምአገኝ ጠይቂ። ቀኑን ከታች በትልቁ ጽፌልሻለሁ፣ ከጠረጴዛሽ በላይ ከመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጎን ለጥፊው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ዋኘው አይዘለውም፤ አንቺም እንዳትዘይው።

ጳጉሜን ሦስት

አባ ወለተሩፋኤል፣ ዋኘው